የጅግጅጋ በግ ምስክሩ ማን ነው?

በፋፈን ዞን ሣር ግጦ ያደገ፣ በጅግጅጋ ወይም በሐርትሼክ ገበያ የተሸጠ ጥቁር ራስ በግ ቶጎውጫሌን ከተሻገረ በኋላ የእኛነቱ ያበቃል። ደሙ ተመርምሮ የጤና ምስክር ወረቀት የሚያገኘው በሶማሌላንዱ በርበራ ወደብ ላይ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ገዢም የሚያውቀው የበርበራ በግ ብሎ ነው።

የዚህን ወረቀት ዋጋ ሰሜናዊው የሶማሌ ክልል የተማረው በመከራ ነው። በ1990 ዓ.ም. የኤልኒኖ ዝናብ በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ቀሰቀሰ፤ ትንኝ የሚያዛምተው፣ እርጉዝ በጎችን በጅምላ የሚያስጨነግፍ፣ ሰውንም የሚገድል በሽታ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በዚያው ዓመት በሯን ዘጋች፣ በቀጣዩ ዓመት ከፈተች። በመስከረም 1993 ግን በሽታው በራሷ በሳዑዲና በየመን ፈነዳ። ከአፍሪካ ውጪ ሲታይ የመጀመሪያው ነበርና ድንጋጤው ከባድ ሆነ፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያውን ጠረቀሙት። የሳዑዲ እገዳ እስከ 2002 ዓ.ም. ቆየ።

ከመጀመሪያው እገዳ በፊት በነበረው ዓመት ከበርበራ የተጫነው እንስሳ 3 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። አብዛኛው በግና ፍየል ሲሆን፣ ትልቁ ድርሻ ከኢትዮጵያ በኩል የሄደ ነው። በዚያ ገንዘብ ሩዝ፣ ስኳርና ልብስ ይመለሳል። በጉ ሲረክስ የአርብቶ አደሩ ቤት ሩዝም ያጣል። በጎቹ ጤነኛ ቢሆኑም ጤንነታቸውን የሚመሰክር፣ ምስክርነቱም ጅዳ ላይ የሚታመን ሰው አልነበረም። ገበያው ሲከፈትም ቁልፉን የያዘው በሳዑዲ ባለሀብት በርበራ ላይ የተሠራው ኳራንቲን ነው። እዚያ የተጣለ በግ ኪሳራው ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ አርቢው ይወርዳል።

አዲስ አበባ ይህን ንግድ ለረጅም ጊዜ ያየችው በኮንትሮባንድ ዓይን ነው። የእንስሳት በሽታን ለመከላከል አዋጅ 267/1994፣ የቁም እንስሳት ግብይትን በፈቃድ ለማስተዳደር አዋጅ 819/2006 ወጥተዋል። በመንግሥት ቋንቋ ደላላ ሁልጊዜ ዋጋ አናሪ ነው። በሶማሌ ገበያ ግን ደላላው ሌላም ሥራ አለው፦ ሻጩን ከነጎሳው ያውቃል፣ እንስሳው የስርቆት እንዳልሆነ ዋስ ይቆማል። ለሐጅ የሚላከው በግ አንካሳ ወይም ዕውር አለመሆኑንም ልምድ ያለው ዓይን አስቀድሞ ያጣራል። የበጉን መነሻ የሚያውቅ ምስክር ድሮም ነበረን፤ የጎደለው ሐኪሙ ነው።

በጅግጅጋ የኤክስፖርት ቄራ መቆሙ ጥሩ ነው። ይሁንና ሥጋ የቁም እንስሳን አይተካም፤ ለዕርድ መሥዋዕት የሚፈለገው በግ በእግሩ መድረስ አለበት።

ታዲያ ትንሹ አርቢ የምርመራውን ወጪ እንዴት ይሸከማል? መልሱን ከዓሣ እርባታ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዱር እንስሳት ተቆርቋሪው ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኤፍ ከአንድ የኔዘርላንድስ ተቋም ጋር ሆኖ ለእርባታ ዓሣ ማረጋገጫ የሚሰጠውን ኤኤስሲን መሠረተ። መስፈርቱ የዓሣውን መኖ፣ ወደ ወንዝ የሚለቀቀውን ውኃ፣ መድኃኒቱን፣ የሠራተኛውን መብት ይመለከታል። ሐሳቡ መልካም ሆኖ የምርመራው ወጪ ለትንንሽ አርቢዎች ከበደ፤ ስለዚህ ተሰባስበው በአንድ ሰርተፊኬት እንዲገቡ ተፈቀደ። ባሕር የሌለው ጅግጅጋ ከዓሣ አርቢዎች የሚወስደው ትምህርት ይህ ነው። ሃያ በግ ያለው ሰው ብቻውን የኳራንቲን ወጪ ሊከፍል አይችልም፤ የአንድ ቀበሌ አርቢዎች በማኅበር ከተመዘገቡ፣ በጎቻቸው በአንድ ወቅት ከተከተቡና መዝገቡ ከተያዘ ግን ይችላሉ።

ትልቅ የኳራንቲን ግንብ ሠርቶ ሪባን መቁረጥ ቀላል ነው፣ ካሜራም ይወደዋል። ገዢው ካላመነበት ግን ግንቡ በጎች መኖ እየበሉ የሚከሱበት ቦታ ይሆናል። ስለዚህ የግብርና ባለሥልጣንና የክልሉ እንስሳት ቢሮ ከግንቡ በፊት የቀበሌውን የእንስሳት ሐኪም ይቅጠሩ፣ የደላላውን ምስክርነት በመዝገብ ያስገቡት፣ የሳዑዲ መርማሪዎችንም በርበራ ከመጠበቅ ይልቅ ጅግጅጋ ድረስ ይጋብዙ።