መሪው በማን እጅ ነው?

ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄድ መኪና ሃላባ ቁሊቶን አልፎ ሾኔ ይገባል። አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ይህን ሁሉ በካሜራ ቢቀርጹት ግን የመንገድ ፊልም አይወጣውም። የመንገድ ፊልም የሚባለው ጉዞው ራሱ ታሪክ ሲሆን ነው። ባለታሪኩ አንድ ነገር ፍለጋ ይነሳል፤ በየመንገዱ የማያውቃቸው ሰዎች ያጋጥሙታል፤ መጨረሻው ላይ የሚያገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተነሳበትን ነገር አይደለም። መኪና ማሳደድና ጎማ ማስጮህ የሌላ ዓይነት ፊልም ሥራ ነው።

የዚህ ዘውግ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የአሜሪካኖቹ «ኢዚ ራይደር» ነው፤ ሁለት ወጣቶች በሞተር ብስክሌት ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጓዛሉ። ለእኛ የሚቀርበው ግን የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ነው፤ በ2005 በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ አግኝቷል። ዶን የሚባል ብቸኛ ሰው «የ19 ዓመት ልጅ አለህ» የሚል ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ ይደርሰዋል። እሱ ከሶፋው መነሳት አይፈልግም። ገፍቶ የሚያስነሳው ዊንስተን የተባለ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው፤ የቀድሞ ፍቅረኞቹን አድራሻ ፈልጎ፣ መንገዱን ቀይሶ፣ መኪና ውስጥ የሚያዳምጠውን ሲዲ ሳይቀር ያዘጋጅለታል። ሲዲው ላይ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ዶን በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ሲነዳ የምንሰማው የአዲስ አበባ ዜማ ነው ማለት ነው! የደብዳቤውን ላኪ ግን እስከ መጨረሻው አያውቅም።

በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ የተጓዡ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ሲደክመው ይቆማል፣ ሲሰለቸው ይመለሳል። የአበበ ቢቂላን ሕይወት የሚተርከው የራሴላስ ላቀውና የዴቪ ፍራንክል «አትሌቱ» (2009) እንኳ ጀግናውን በገዛ ቮልስዋገኑ መሪ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በ1969 የመኪና አደጋ የደረሰበት ጉዞ የፊልሙ ማዕከል ነው።

መሪው በሌላ ሰው እጅ ሲሆንስ? አዲስ አበባ ተወልዶ ሕግ ሲማር የነበረው ዳግማዊ ይመር ሰሃራንና ሊቢያን አቋርጦ በ2006 ላምፔዱዛ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአንድሬያ ሴግሬና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር «እንደ ሰው በምድር ላይ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ሮም ቁጭ ብለው ያወራሉ፦ ሊቢያ ውስጥ እንዴት እንደታሰሩ፣ ኮንቴነር ውስጥ ታጭቀው ወደ ኩፍራ እስር ቤት እንዴት እንደተጫኑ፣ ከፖሊስ ወደ ደላላ እንዴት እንደተሸጡ። ኮንቴነሩ ውስጥ ካሜራ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ መንገዱን የምናየው በተናጋሪዎቹ ፊት ላይ ነው። ለእኔ ከመንገድ ፊልሞቻችን ሁሉ የሚበልጠው መንገዱ እምብዛም የማይታይበት ይህ ሥራ ነው።

የሾኔ፣ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች የሚያውቁት የስደት መንገድ ግን ወደ ደቡብ ይሄዳል፦ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ። መጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ ኮንቴነሩ ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ።

ይህን ጉዞ ፊልም ላድርገው የሚል የአካባቢው ወጣት ካለ ድንበር መሻገር አይጠበቅበትም። ለደላላው የተከፈለው ብር ከየት መጣ? መሬት ተሸጦ ነው፣ ከብት ተሸጦ ነው ወይስ ቀድሞ የሄደ ወንድም ልኮ? ማን «ሂድ» አለ፣ ማን «ቅር» አለ? ይህ ሁሉ እዚሁ ሾኔ ውስጥ፣ ሳሎን ተቀምጦ የሚቀረጽ ነው። የቀረውን ሄደው የተመለሱት ይነግሩታል።