ቡችላ ወደ ቤት ሲመጣ

ውሻ ከሰው ልጅ ጋራ መኖር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፤ ከብት ያግዳል፤ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ጌታው ከሩቅ አገር ሲመለስ ከቤተ ሰቡ ሁሉ ቀድሞ የሚቀበለው እርሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ታማኝነቱን በአጭር ቃል ይመሰክርለታል። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ተጥሎ በዝናብ የሚንቀጠቀጥ ቡችላ ያየ ሰው ልቡ ቢራራ የሚያስደንቅ አይደለም። ርኅራኄ መልካም ነገር ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ይህ ርኅራኄ ቡችላውንም የቤቱንም ልጆች የሚጠብቅ ይሆን ዘንድ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

የባዘኑ ውሾችን ሰብስቦ ማሳደግ ዛሬ የተጀመረ ሥራ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ሜሪ ቲልቢ የተባለች እንግሊዛዊት በለንደን ከተማ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ አቋቁማ ነበር፤ መጠለያው በ1871 ዓ.ም. ባተርሲ ወደሚባለው ሠፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። በአገራችን ከተሞችም የተጣሉ ቡችላዎችን አንሥተው፣ አጥበውና መግበው፣ ለሚያሳድግ ቤተ ሰብ የሚሰጡ ቸር ሰዎች አሉ። ከእነዚህ ሰዎች እጅ ቡችላ የሚቀበል ቤተ ሰብ ግን ሥራው ሁሉ ተፈጽሞ ይጠብቀኛል ብሎ ማሰብ የለበትም። ግማሹ ሥራ ለእርሱ ተላልፎለታል።

የአንድ ቤት ታሪክ

ለምሳሌ እንዲሆነን የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ እናቅርብ። በክረምት ወራት አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጁን አስከትሎ፣ በሠፈራቸው የተጣሉ ቡችላዎችን ከምታሳድግ አንዲት ደግ ሴት ዘንድ ሄደና የሁለት ወር ቡችላ ተቀበለ። ሴትዮዋም፣ «ከገበያው ጀርባ ከወንድሞቹ ጋራ ነው ያገኘሁት፤ እናቲቱ የት እንደ ገባች አይታወቅም። አደራችሁን፣ ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት» አለቻቸው። ልጁም ስሙን ቡቺ ብሎ አወጣለት።

በመጀመሪያው ምሽት አባት በቤቱ ሁሉ ፊት፣ «ይህ ውሻ አንድ ቀን ሰው የነከሰ እንደ ሆነ በማግስቱ ከዚህ ቤት ይወጣል» ሲል አስጠነቀቀ። ይህን የተናገረው ለልጆቹ ደኅንነት አስቦ ነበር፤ ቃሉ ግን ያላሰበውን ፍሬ አፈራ።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቡችላው በጨዋታ መካከል የልጁን ጣት ነከሰው። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ነበር። ልጁ ደሙን በልብሱ ጠርጎ፣ ጣቱን በእራፊ ጨርቅ አስሮ ዝም አለ። የፈራው ሕመሙን አልነበረም፤ ቡቺ እንዳይባረርበት ነው።

በሦስተኛው ቀን ራት ሲቀርብ ልጁ በግራ እጁ መጉረሱን አያቱ አስተዋሉ። «ቀኝ እጅህን ምን ነካህ የኔ ጌታ?» ቢሉት መልስ አልሰጠም። ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡና፣ «እኔ አልቆጣህም፤ አባትህም እንዳይመታህ እኔ አለሁ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ» አሉት። በዚህ ጊዜ አለቀሰና ተናገረ።

አያቲቱ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠቡት፤ ሌሊቱ እንደ ነጋም አባት ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ገሠገሠ። የጤና ባለሙያው በዚያው ዕለት ክትባቱን ጀመረለት፤ ቡችላውም ታስሮ እንዲጠበቅ አዘዘ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ቡቺ ምግብ ተወ፤ ለሃጩ ይዝረበረብ፣ ያገኘውን እንጨት ሁሉ ይነክስ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ጭንቅላቱ በላቦራቶሪ ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ ተገኘበት። ከቡችላው ጋራ ይጫወቱ የነበሩት ሁለቱ እኅቶቹም እጃቸውን ይልሳቸው ስለ ነበረ ተከተቡ። ልጁ በተቀጠረለት ቀን ሁሉ እየሄደ መርፌውን ጨረሰና ዛሬ በደኅና ትምህርቱን ይማራል።

ልጁን ያዳነው ክትባቱ ነው። ክትባቱ በጊዜ የደረሰለት ግን አያቱ ሳይቆጡ ስለ ጠየቁት ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዐይን በማይታይ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ እንስሳው ሲነክስ፣ ሲቧጭር ወይም ቁስል ሲልስ ወደ ሰው ሰውነት ይገባል፤ ከዚያም የነርቭን መሥመር ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ አንዳንድ ጊዜ በሳምንት ይፈጸማል፤ አልፎ አልፎም ከዓመት በላይ ይቆያል። በሽተኛው ውሃ መፍራትና መቃዠት ከጀመረ በኋላ ከሞት የሚያተርፈው መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል። ቫይረሱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ግን ክትባት ይቀድመዋል። በራስ፣ በአንገትና በእጅ ላይ የደረሰ ንክሻ ከሌላው ይልቅ የሚያሠጋውም ለዚህ ነው።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። ከ100 ሟቾች መካከል 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ ውሻ ነው።

አያሌ ሰዎች «ገና ቡችላ ነው፤ ምን ያመጣል?» ይላሉ። ይህ አሳሳች አነጋገር ነው። ቡችላም እንደ ትልቁ ውሻ በበሽታው ይያዛል፤ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞም ምራቁ ማስተላለፍ ይጀምራል። ትንሽነቱና ተጫዋችነቱ ሰውን ስለሚያዘናጋ፣ የቡችላ ንክሻ ከትልቅ ውሻ ንክሻ ይልቅ ሳይነገር ይቀራል።

መከላከያው ከተገኘ ረጅም ዘመን ሆኖታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ወደ ፓሪስ በመጣ ጊዜ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ያዘጋጀው ክትባት ተሰጥቶት ዳነ፤ ጐልምሶም በፓስተር ስም የተቋቋመው ተቋም በር ጠባቂ ሆነ። በአዲስ አበባም ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን ቦታ የከተማው ሰው እስከ አሁን «ፓስተር» እያለ መጥራቱ የዚሁ ሊቅ መታሰቢያ ነው።

ውሻ ሲነክስ ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሳይቋረጥ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን ስለሚያፈርሰው ከፍ ያለ ጥቅም አለው። ቧንቧ በሌለበት ሥፍራ ከጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ አልኮል ወይም አዮዲን ቢቀባ መልካም ነው። በቁስሉ ላይ ቅጠል፣ የቡና ዱቄት ወይም ሌላ ባዕድ ነገር መነስነስ፣ ወይም አጥብቆ ማሰር አይገባም።

ሁለተኛ፤ ቁስሉ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ቀን ያለፈበትም ሰው «አሁንማ ዘገየ» ብሎ መቅረት የለበትም። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ መውሰድ ግዴታ ነው። ጸበል ለመጠመቅ የሚፈልግ ሰው ክትባቱን እየወሰደ ይጠመቅ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ክትባቱን ትቶ ጊዜን በሌላ ነገር ማሳለፍ ግን ነፍስን ያስከፍላል።

ሦስተኛ፤ የነከሰው ውሻ በቁጣ አይገደል፤ አይባረርም። በተዘጋ ሥፍራ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል፤ ከታመመ ወይም ከሞተ ወዲያውኑ ይነገር። ይሁን እንጂ 10 ቀን እስኪሞላ ብሎ ሕክምናውን ማዘግየት ከቶ አይገባም።

ቡችላውን ከመቀበል በፊትና በኋላ

ቡችላ የሚወስድ ሰው ሰጪውን መጠየቅ አለበት፤ የት ተገኘ? ዕድሜው ስንት ነው? ሌላ ውሻ ነክሶታልን? የትል መድኃኒትና ክትባት መቼ ተሰጠው? ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ እናቱ ካለች ከእርስዋ መለየት አይገባም። ቤት እንደ ደረሰም ለእንስሳት ሐኪም ይታይ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ የቀረውን ሐኪሙ ይወስናል። ክትባቱ አስቀድሞ የገባን በሽታ ላያስቀር ስለሚችል፣ የተከተበ ቡችላ ቢነክስም ለጤና ባለሙያ መናገር ያስፈልጋል።

የአንድ ቡችላ መከተብ ለጎረቤትም ጥቅም አለው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ውሾችን በመርዝ መፍጀት ግን በሽታውን እንደማያጠፋው በብዙ አገሮች ታይቷል።

ቀጥሎ የሚታሰበው ትል ነው። የውሻ ወስፋት ከእናቲቱ ማኅፀንና ጡት ወደ ቡችላው ስለሚተላለፍ፣ አብዛኞቹ ቡችላዎች ከነትላቸው ያድጋሉ። የትሉ እንቁላል ከዐይነ ምድር ጋራ ይወጣል፤ ሰውን ለመያዝ የሚችለው ግን በአፈር ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ ዐይነ ምድሩን በየቀኑ አንሥቶ የሚቀብር ሰው፣ አፈር ላይ የሚጫወቱትን ልጆች ከበሽታ ይጠብቃል። ይህ ትል ወደ ልጅ ዐይን የገባ እንደ ሆነ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል።

ሌላው አደጋ ከዐውደ ዓመት ጋራ የተያያዘ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ በቤት ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ተሐዋስ በውሻው አንጀት አድጎ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉም በዐይነ ምድሩ ይወጣና ከጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን የዳሰሰና እጁን ሳይታጠብ የበላ ሰው እንቁላሉን ይውጣል፤ በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ የውሃ ከረጢትም ይይዘዋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣለትም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር፤ ለውሻው የሚሰጠውም ሥጋ የተቀቀለ ይሁን።

ውሻ በግቢ እንጂ በመኝታ ቤት አይደርም የሚለው የአገራችን ልማድ ከንጽሕና አንጻር ሲታይ የሚመሰገን ነው። ቡችላው ከዝናብና ከብርድ የሚከለል የራሱ ማደሪያ፣ የራሱም የምግብና የውሃ ዕቃ ይኑረው። ቁንጫና መዥገር ይታይለት። ጠጉሩ ከረገፈ ወይም እከክ ከታየበት ሳይውል ሳያድር ይታከም። ሌሎች ቡችላዎች ተወልደው በመንገድ እንዳይጣሉም ስለ ማምከን ከእንስሳት ሐኪም ጋራ መመካከር ደግ ነው።

ለልጆች የሚሰጥ ትምህርት

«ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» ይባላል። ልጆች ከውሻ ፊት እንዳይሮጡ፣ ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት፣ ጅራቱን እንዳይጐትቱ፣ ፊታቸውንም እንዳያስልሱ ማስተማር ይገባል። ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና መታጠብን ልማድ ያድርጉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ በቤቱ ይጽና። ነከሰኝ ወይም ቧጨረኝ ብሎ የሚናገር ልጅ አይቆጡት፤ አይምቱትም። ልጅ እውነቱን የሚሸሽገው ውሸታም ስለ ሆነ አይደለም፤ ወዳጁን እንዳያጣ ስለ ፈራ ነው። የተሸሸገ ቁስል ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም።

ታሪካቸውን ያቀረብነው ቤተ ሰብ በዓመቱ ከዚያችው ደግ ሴት ዘንድ ሌላ ቡችላ ተቀበለ። ይህኛው በቀኑ ተከትቧል፤ የትል መድኃኒቱንም ወስዷል፤ የክትባት ካርዱም ከልጆቹ ካርድ ጋራ በአንድ ሳጥን ተቀምጧል። አባትም እንደ ፊተኛው ጊዜ ልጆቹን ሰብስቦ ተናገረ፤ ቃሉን ግን ለወጠው። «የነከሳችሁ እንደ ሆነ ፈጥናችሁ ንገሩኝ፤ እናንተም አትመቱም፣ ውሻውም አይባረርም» አላቸው።

አንባቢዎቻችንም ቡችላ ወደ ቤታቸው ከማስገባታቸው በፊት ይህን ቃል ለልጆቻቸው እንዲናገሩ አደራ እንላለን።