ከጡረታ በኋላ ያለ አገልግሎት

በአገራችን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ድረው ከጨረሱ በኋላ ቆርበው በቤታቸው ረግተው መቀመጥ የተለመደ ነው። ሞርሞን በሚባሉት ክርስቲያኖች ዘንድ ግን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን ዘግተው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ተሰናብተው፣ ከ6 እስከ 23 ወር በባዕድ አገር ሊያገለግሉ ይሄዳሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ የቤት ኪራዩንም ቀለቡንም የሚችሉት ራሳቸው ናቸው።

ኑሯቸውስ እንዴት ያለ ነው? ጧት አብረው መጽሐፍ ያነባሉ። ከዚያም እንደየዕውቀታቸው አንዱ ሒሳብ ይይዛል፣ ሌላዋ ታስተምራለች፤ አንዳንዶቹም የእርዳታ ሥራ ይከታተላሉ። ማታ ገበያ ወርደው፣ በማያውቁት ቋንቋ ተከራክረው ሽንኩርታቸውን ገዝተው ይገባሉ።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዋግ በረኀብ በተቀጣበት በ1977 ዓ.ም.፣ ጥር 19 ቀን፣ በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ሞርሞኖች ጾመው ውለው የምግባቸውን ዋጋ ቢያዋጡ ለኢትዮጵያና ለሌሎች ችግረኞች የሚሆን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል።

በሃይማኖታቸው አንስማማ ይሆናል። ይሁን እንጂ «ዝቋላ ተመድበሃል» ሲባል ምልጃ ፍለጋ ለምንሮጥ ወጣቶች ከባድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። ሽማግሌው ከነባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ ባሕር ሲሻገር፣ እኛ ደመወዝ እየተከፈለን ከሰቆጣ ወዲያ ያለውን የገዛ አገራችንን መንገድ ስለምን እንፈራዋለን?