የሲቀላ ጎርፍ ከሲቀላ አይነሳም

ጂአይኤስ (የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት) ሲባል በየቢሮው ቶሎ የሚታሰበው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባለቀለም ካርታ ነው። ይህ መሣሪያውን ማሳነስ ነው። ይዞታ፣ መንገድ፣ አፈርና ከፍታ በየንብርብራቸው ተቀምጠው አንዱ በሌላው የሚመረመርበት ሥርዓት ነው፤ ካርታው የውጤቱ አንድ መልክ ብቻ ነው። አርባ ምንጭን ለሚያቅድ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ውሃው በየት ያልፋል የሚለው ነው። ከከተማው ክፍሎች ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች ናቸው፤ የኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ደለል ተሸክሞ በሲቀላ በኩል ወደ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል። በከተማው ወሰን ላይ የሚያበቃ ፕላን ጎርፉን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ጂአይኤስ የውሃውን መንገድ የሚያገኝበት ስሌት ከሚገባው በታች የሚታወቅ ድንቅ ነገር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የምድር ከፍታ በነፃ ይገኛል፤ መሬቱን 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍላል። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ካሬ ከ8 ጎረቤቶቹ ጋር ያወዳድርና ውሃውን ቁልቁለቱ ለበረታበት ጎረቤት ይሰጣል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ከበላዩ ስንት ካሬ እንደሚያፈስበት ይቆጥራል። ደጋው አናት ላይ ቁጥሩ ዜሮ ነው፤ ኩልፎ ሲቀላ ሲደርስ በመቶ ሺዎች ይሆናል። ቁጥሩ የገዘፈበት መስመር በበጋ ደርቆ ባዶ መሬት ቢመስልም የውሃ መንገድ ነው። የከተማ ፕላን መርሃችን 30 ከመቶውን መሬት ለአረንጓዴ፣ 30 ለመንገድ፣ 40 ለግንባታ ይመድባል። ድርሻው ቢሟላም አረንጓዴው ለቤት ባልተመቸ ትርፍ ቦታ ላይ ውሎ ቤቱ በውሃው መስመር ላይ ከተሠራ ከተማው አልዳነም። አረንጓዴው የት ይሁን ለሚለው መልስ የሚሰጠው ይህ ቆጠራ ነው።

30 ሜትር ሻካራ ነው፤ ቦይና ቱቦ አያይም፤ ከሴቻ ገደል ሥር የሚፈልቁትን ምንጮች የሚመግበውን የከርሰ ምድር ውሃም አያሳይም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው። ይህ ግን መሣሪያውን ለመተው ሳይሆን መስክ ለመውረድ ምክንያት ነው፤ ነባር ነዋሪዎች ጎርፉ የት እንደደረሰ ያውቃሉና ያሳዩት ነጥብ በጂፒኤስ ተመዝግቦ ንብርብር ይሁን። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የጎደላቸው ባለሙያዎች ሊወቀሱ ይገባል፦ የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። አንዱን ወደ ሌላው ሳይቀይሩ መደራረብ ነጥቡን ከ200 ሜትር በላይ ያዛንፈዋል፤ የጎርፍ መስመሩንም ከአንዱ ሰፈር አንስቶ ሌላው ላይ ያሳርፋል። የበጀት ሰበብም አያስኬድም፤ ኪውጂአይኤስ በነፃ የሚገኝ የጂአይኤስ ሶፍትዌር ነው። መዋቅራዊ ፕላን የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ቤት ግን ከዚያ በላይ ይቆማል። ስለዚህ ቦታ ከመሸንሸኑ በፊት የውሃው መስመር ይሰመር።