የሞዴል ባቡርና የመጠን ሕግ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ለገሀር፣ የሁለት ባቡሮች ታሪክ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በሁለቱ ሐዲዶቹ መካከል 1,000 ሚሊ ሜትር ርቀት ነበረው፤ በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር አለው። በዓለም እጅግ በተለመደው የሞዴል ባቡር መስፈርት፣ ማለትም በ1፡87፣ ብናሳንሳቸው የፊተኛው ወደ 11.5፣ የኋለኛው ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

ሌሎች ሞዴል ሠሪዎችም በዚሁ ስሌት ይሠራሉ፤ መስፈርታቸው ግን ይለያያል። ለአውሮፕላን 1፡72፣ ለመኪና 1፡43፣ ለሕንፃ 1፡100 የተለመዱ ናቸው። ስለዚህ የ1፡43 መኪና በ1፡87 ባቡር አጠገብ ቢቆም ከሚገባው በላይ በእጥፍ ገዝፎ ይታያል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር እኩል አያንስም። ርዝመት በ87 ሲካፈል ስፋት በ7,569 ይካፈላል፤ ሞዴሉ ከዚያው ቁስ ከተሠራ ደግሞ ይዘትና ክብደት በ658,503 ይካፈላሉ። ምሰሶ ሸክምን የሚችለው ተቆርጦ ቢታይ በሚኖረው የገጽ ስፋት መጠን ነው። ስለሆነም በሞዴሉ ምሰሶ ላይ ከራሱ ክብደት የሚመጣው ጫና በ87 እጅ ያንሳል።

እንግዲህ በካዛንችስ አካባቢ የሚገኘውንና እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ በ1፡100 ከካርቶን ብንሠራው በቀላሉ ይቆማል። መቆሙ ግን የእውነተኛውን ሕንፃ ጥንካሬ አያረጋግጥም። የነገ መሐንዲሶች ይህን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን፤ ሞዴል ቅርጽን ያሳያል፤ ጥንካሬን የሚያሳየው ግን ስሌት ነው።