በጠላቱ ሆድ ውስጥ የሚራባው ጥገኛ

የኬንያው ማርሳቢት ካውንቲ ካላ አዛር የተባለው በሽታ ከሚታይባቸው ደረቅ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን የአሸዋ ዝንብ ናት። በዚህ አካባቢ በብዛት በምስጥ ኩይሳ ቀዳዳ ትውላለች፤ ሲመሽ ወጥታ ደም ትመጥጣለች። በመተማና በሑመራ ያለችው ዘመዷ ደግሞ ግራርና የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ትወዳለች።

ዝንቧ ስትነክስ ሊሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ወደ ቆዳ ይገባል። ማክሮፌጅ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ያገኘዋል፤ እንደ ልማዱም ይውጠዋል። ማክሮፌጅ የዋጠውን በአሲድና በኢንዛይም የሚፈጭ የሰውነት ዘበኛ ነው። ሊሽማንያ ግን ጭራውን ጥሎ ይድቦለቦልና እዚያው አሲድ ውስጥ ይራባል። ሕዋሱ ሲፈነዳ ልጆቹ ሌሎች ማክሮፌጆች ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ሕዋሳት በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ስለሚበዙ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያንሳል፣ ሰውነት ይከሳል። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል።

ዘበኛው ግን ሊነቃ ይችላል። ቲ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክት ሲልኩለት ማክሮፌጁ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመርትና የዋጠውን ጥገኛ ይገድላል። ብዙ ሰዎች ተነክሰው ሳይታመሙ የሚቀሩትም በዚህ ነው። በታመመው ሰው ላይ ኢንተርሊውኪን 10 የሚባል ተቃራኒ መልእክት ይበረታና ማክሮፌጁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ፀረ እንግዳ አካላትም በገፍ ይመረታሉ፤ ሆኖም ሕዋስ ውስጥ የተሸሸገውን አይደርሱበትም። ለሐኪሙ ግን ይጠቅማሉ፤ አርኬ39 የተባለው ፈጣን ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚፈልገው እነሱን ነው። ከሕክምና በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ስለሚቆዩ ግን በሽታው ማገርሸቱን ለመለየት አይረዱም።

በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን የሚሰጥ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን መርፌ ነው። መድኃኒቱ የጥገኛውን ቁጥር ያመነምናል፤ የተረፈውን አፍኖ መያዝ የቲ ሕዋሳትና የማክሮፌጅ ሥራ ነው። ኤችአይቪ የሚያጠቃው እነዚያኑ ቲ ሕዋሳት በመሆኑ ሁለቱ በሽታዎች የተገናኙበት ሰው ካላ አዛር ደጋግሞ ያገረሽበታል። ስለዚህ ካላ አዛር የተገኘበት ሰው የኤችአይቪ ምርመራም ሊደረግለት ይገባል።