ንጹሕ ዘር የበረዶ ጋሪ ውሻ በምን ይታወቃል?

በውሻ ገበያ የዘሩ ስም ዋጋውን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ገዢው ስሙን ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን መክፈል አይገባውም። የበረዶ ጋሪ ከሚስቡት ውሾች መካከል ዘወትር የሚምታቱት የሳይቤሪያው ሃስኪና የአላስካው ማላሙት ናቸው።

የአሜሪካ ኬነል ክለብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሃስኪን በ1930፣ ማላሙትን በ1935 ዓ.ም. ተቀብሏቸዋል። በክለቡ ደንብ መሠረት የወንዱ ሃስኪ ቁመት እስከ ትከሻው ከ53 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ20 እስከ 27 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ቀላል ጭነት ይዞ ሩቅ ይሮጣል። ወንዱ ማላሙት ግን 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመትና 38 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው፣ አጥንተ ወፍራምና ደረተ ሰፊ፣ ለከባድ ጭነት የተመረጠ ነው። ሁለቱም ቀጥ ያለ ጆሮና ድርብ ፀጉር አላቸው።

ብዙ ገዢ የሚታለለው በዓይን ነው። ሰማያዊ ዓይን ለሃስኪ የተፈቀደ እንጂ የግድ አይደለም፤ ቡናማ ዓይን ያለውም ንጹሕ ዘር ሊሆን ይችላል። በማላሙት ዘንድ ግን ሰማያዊ ዓይን ከውድድር የሚያስወጣ ጉድለት ስለ ሆነ፣ «ሰማያዊ ዓይን ያለው ምርጥ ማላሙት» የሚል ሻጭ ሊጠረጠር ይገባል።

ይሁን እንጂ መልክ ሐሰትን ለማጋለጥ ይረዳል እንጂ ንጹሕነትን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ድብልቅ ውሻም ንጹሑን ሊመስል ይችላልና። ስለዚህ ዕቃ ከሰነዱ ጋር ተመሳክሮ እንደሚረከቡት ሁሉ፣ ውሻውንም ከወላጆቹ የትውልድ መዝገብ ጋር አመሳክሮ መግዛት ከኪሳራ ያድናል።